አራት ጣት ዝቅ ያለው ሱሪ

በዛብሽ የወንድን ገላ ከሩቅ አይታ ሱሪውን የቱ ጋ ማሰር እንዳለበት ትናገር ነበር፤ ተሳስታም አታውቅም። ነገሌ ቦረና ገበያ ዳር፣ ከጦር ሰፈሩ በሚወርደው መንገድ ላይ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነበረቻት። በረንዳዋ ላይ የስፌት መኪናዋን አውጥታ ትቀመጥና አላፊ አግዳሚውን ማንም ሳይጠይቃት በዓይኗ ትለካዋለች። «ያ ሃምሳ አለቃ እግሩ አጭር ነው፤ ወገቡን ከፍ ካላደረግንለት ድንክ ይመስላል። ይኼኛው ደግሞ መቀመጫ የሚባል አልፈጠረበትም፤ ከፍ ካለ ከኋላው ባዶ ጆንያ ነው የሚሆነው። ለሱ እምብርቱ ላይ ይብቃው። ቦርጫም ግን...» ትልና መቀሷን ታነሳለች፤ «ቦርጫም ከእምብርቱ በላይ ይታጠቅ! ቦርጩን ሱሪው ውስጥ ይዞ ይሂድ እንጂ ለሕዝብ አያሳይ!»

የመኮንኖቹ ሚስቶች በሳቅ ይፈርሳሉ። መኮንኖቹ ግን ያምኗት ነበር። አንድ ሻለቃ እንዲያውም ሱሪውን እሷ ሳታየው ሰልፍ አይወጣም ተብሎ ይታማል።

በ1963 ዓመተ ምሕረት አዲስ አበባ ደርሰው የሚመለሱ ጎረምሳ መቶ አለቆች ወገቡ የወረደ፣ ታቹ የተንዘረፈፈ ሱሪ ካልሰፋሽልን ማለት ጀመሩ። በዛብሽ ደሟ ፈላ። ሰፋችላቸው፤ እንጀራዋ ነውና። ግን ሳትናገር አላለፈችም። «ለቀጭን ይሁን፤ የሚደፋበት የለውም። ቦርጭ ያለው ሰው ይኼን ከለበሰ ግን ወይ አብዷል፣ ወይ ወዷል» አለች። ነገሩ ከበረንዳ በረንዳ ዞረ፤ ሴቶቹ ወገቡ የወረደ ጎልማሳ ባዩ ቁጥር «ይኼስ አብዷል ወይስ ወዷል?» እያሉ ይጠቋቆሙ ጀመር።

እንግዲህ ይህን ያለችው ራሷ ናት። ማንንም አትወቅስም።

ባሏ ሸዋንግዛው የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ እጅ ጽሑፉ ያማረ፣ ንግግሩ የተቆጠበ፣ ቦርጩ ደግሞ ደህና አድርጎ የተቀመጠ ሰው። ከተጋቡ አሥራ አራት ዓመታቸው ነው። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ከበዛብሽ በቀር ወገቡ ላይ ሜትር ያዞረ ሰው አልነበረም። ሱሪዎቹን ሁሉ ከእምብርቱ ሦስት ጣት ከፍ አድርጋ ነበር የምትሰፋለት፤ ቦርጩ ተሰብስቦ ሲገባ የተከበረ ዳኛ ያስመስለው ነበር። እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም። እሱ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቀን እንኳ ቃል ተንፍሶ አያውቅም፤ እሷ ግን ዝምታውን ሁልጊዜ ትፈራው ነበር።

ኅዳር ሚካኤል ባለፈ በሳምንቱ ሸዋንግዛው እንደ ወትሮው ለሥራ ብሎ ክብረ መንግሥት ሄዶ ሦስት ቀን ቆየ። ሲመለስ ከጭነት መኪናው ላይ የወረደው አዲስ ግራጫ ተርጋል ሱሪ ለብሶ ነው። በዛብሽ በረንዳዋ ላይ ሆና ከሩቅ አየችው። ዓይኗ እንደ ልማዱ መጀመሪያ ወገቡ ላይ ነው ያረፈው። የሱሪው ወገብ ከቦርጩ በታች ወርዶ ከሆዱ ሥር ተወሽቋል፤ ቦርጩም ሸሚዙን ገፍቶ አደባባይ ወጥቷል።

ክው አለች።

«ይኼን ማን ሰፋልህ?» አለችው ገና ሳይቀመጥ።

«አንድ ልብስ ሰፊ።»

«እኔ ምን ሆኜ?»

«ሥራ በዝቶብሻል ብዬ ነዋ» አለ፤ ዓይኑን ከዓይኗ ሳያገናኝ ወደ ጓዳ ገባ።

በዛብሽ ለጊዜው ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች። ቅዳሜ ሊታጠብ ሲወርድላት ግን ሱሪውን ገልብጣ፣ ፀሐይ ላይ ዘርግታ፣ መርማሪ ፖሊስ የሌባ ጓዝ እንደሚያገላብጥ አገላበጠችው። ስፌቱ ጥርት ያለ ነው፤ እንከን ፈልጋ አጣች፤ ይህም አናደዳት። ጭኑ ላይ አልጠበበም፣ አልሰፋም። የግራ ትከሻው ዘንበል ስለሚል የግራው እግር ትንሽ አጠር ማለት እንዳለበት እንኳ ሰፊው አውቋል። ይህን የሚያውቅ ከእሷ ሌላ ማን አለ? የታቹ ዝምዝማት በእጅ የተሠራ፣ ደቃቅና እኩል እኩል ነው። ወንድ እንዲህ አይዘመዝምም። ይህ የሴት እጅ ነው ብላ ቆረጠች።

ከዚያ ትንሿ ኪስ ውስጥ ጣቷን ስትሰድ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አገኘች። ጽሑፉ የባሏ ነበር፤ ያ የሚያምር የመዝገብ ቤት ጽሑፍ።

«የሱሪው ወገብ ከእምብርት አራት ጣት ዝቅ ይበል። እኔስ የምወደው ከፍ ያለውን ነበር፤ ለሆዴ ስል ነው። አደራ፣ ቤቴ እንዳይሰማ።»

ለሆዴ ስል!

በዛብሽ ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ አጠገብ ቁጭ አለች። አዲስ ሙሽሮች ሳሉ ሸዋንግዛው በስሟ ጠርቷት አያውቅም ነበር። «ሆዴ፣ ውሃ አቀብይኝ። ሆዴ፣ ነይ እስቲ እዚህ ተቀመጪ» ነበር የሚላት። ኋላ እንደ ማንኛውም ባልና ሚስት ጊዜው ሲሄድ ቃሉም አብሮ ቀረ፤ እሷም ጠፍቶ እንደሁ አልጠየቀችም። አልጠፋም ለካ! ሌላ ባለቤት አግኝቶ ኖሯል። ክብረ መንግሥት ያለችው «ሆዴ» ናት፣ እሷ «ቤቴ» ናት። ያቺ የምትወደድ፣ ይህቺ እንዳትሰማ የምትጠበቅ። ወረቀቱን የስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ፣ ከቁልፎቹ ሥር ደበቀችው።

በዚያው ምሽት ባሏን አንቱ ማለት ጀመረች።

«ራት ቀርቧል፤ ይብሉ» አለችው።

ሸዋንግዛው ቀና ብሎ አያት። ንጹሕ ሰው ቢሆን «ምነው? ምን ሆንሽ?» ባለ ነበር። እሱ ግን ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ገበታውን ገፋ አደረገው። አለመጠየቁን በዛብሽ እንደ እምነት ቃል ቆጠረችበት።

ከዚያ ወዲህ የማትጠረጥረው ነገር ጠፋ። ምግብ እየቀነሰ መጣ፤ የዚያች ሴት ሐሳብ አጥግቦት ነው አለች። ፊቱ ከሳ፣ አንገቱ ቀጠነ፤ ለወጣት ሴት ሲል ጎረምሳ ሊሆን ነዋ! አለች። አልጋ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛል፤ እጇ ሳታስበው ሆዱ ላይ ካረፈ ቀስ ብሎ አንስቶ ይመልስላታል። ይህን እያሰበች ብቻዋን አለቀሰች። ከሁሉ የባሰው ሌላ ነበር፤ ያቺ ሴት ትወልድለት ይሆናል። ይህ ሐሳብ ሲመጣባት የስፌት መኪናዋን እግሯ እስኪዝል ትረግጠው ነበር።

ጎረቤቷ ብዙወርቅ፣ የሃምሳ አለቃው ሚስት፣ እሳት ላይ ጋዝ ማርከፍከፍ የምትወድ ሴት ናት። የሸዋንግዛውን አዲስ ሱሪ አየችና፣ «በዛብሽዬ፣ ባለቤትሽ አብዷል ወይስ ወዷል?» ብላ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ጠጋ ብላ፣ «ደሞ ወርቅ ማውጫ አገር ነው አሉ የሚመላለሰው። እዚያ የሚገኘው ወርቅ ብቻ መሰለሽ?» አለቻት።

በዛብሽ እስከ ጥምቀት ቻለች። ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ግራጫውን ሱሪ በነጠላ ጠቅልላ ባሏ ፊት ቆመች።

«ክብረ መንግሥት ልሄድ ነው።»

ሸዋንግዛው ደነገጠ፤ ድንጋጤውን አየችበት። «ክብረ መንግሥት? ምን ልታደርጊ?»

«ክር ልገዛ።»

«ነገሌ ክር ጠፍቶ ነው?»

«እርስዎስ? ነገሌ ልብስ ሰፊ ጠፍቶ ነው እዚያ ድረስ ሄደው ያሰፉት?»

ሸዋንግዛው በእጁ የግራ ጎኑን ደገፍ አድርጎ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ፈርቷል፣ ደርሼበታለሁ አለች በልቧ።

የተሳፈረችው ጂሎ በሚነዳው የጭነት መኪና ነበር፤ ሸዋንግዛውም ሲሄድ ሲመለስ የሚሳፈረው በጂሎ ነው። ጂሎ የቦረና ሰው ነው፤ ቀልዱ የማያልቅበት ሾፌር።

«አካም ቡልቴ፣ እትዬ በዛብሽ? ናጋ?» አለ፤ እንዴት አደርሽ፣ ሰላም ነው ወይ ማለቱ ነው።

«ናጋ ነው። ጂሎ፣ ባለቤቴ ክብረ መንግሥት ሲመጣ የማን ቤት ነው የሚያርፈው?»

የጂሎ ፈገግታ እልም አለ። መሪውን ጭምቅ አድርጎ ያዘ። «እትዬ፣ እኔ የምነዳ መኪና ነው፤ የሰው ነገር አልነዳ።»

«አውቀሃል ማለት ነው።»

«ተማምለናል እትዬ። ተዪኝ።»

የነገሌ ቀይ አፈርና ግራር አልፎ፣ መንገዱ ዳገት እየወጣ፣ ዛፉ እየበዛ፣ ብርዱ እየመጣ ሄደ። በዛብሽ ግን የሚታያት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሜትር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ቀጭን ወጣት ሴት።

ክብረ መንግሥት ገበያ ውስጥ ከልብስ ሰፊ ወደ ልብስ ሰፊ እየዞረች የተሰቀለውን ሱሪ ሁሉ ታቹን እየገለበጠች አየች። ሰዎቹ ገዢ መስላቸው ዋጋ ይጠሩላታል፤ እሷ ዝምዝማቱን ብቻ አይታ ትለቃለች። ሦስተኛው በረንዳ ላይ መነጽሩን በክር ጆሮው ላይ ያሰረ፣ ጢሙን ሂና የተቀባ ሽማግሌ ጭኑ ላይ ሱሪ ዘርግቶ በእጁ ይዘመዝማል። ደቃቅ፣ እኩል እኩል የሆነ ስፌት ነው። በዛብሽ ቆማ አፍጥጣ አየችው። የሴት እጅ ያለችው እጅ ጢም ነበረው።

ጥቅልሏን ፈታ ግራጫውን ሱሪ ፊቱ ዘረጋችው። «አባቴ፣ ይኼን የሰፉት አንቱ ነዎት?»

ሽማግሌው ዓብዱልመጂድ ይባላል። ሱሪውን እንኳ ሳይነካ በዓይኑ አወቀው። «ወላሂ የኔ ነው። አንቺ ማነሽ?»

«ሚስቱ ነኝ።»

«ሰፊዋ?» ሽማግሌው ከበርጩማው ተነሣ። «አንቺ ነሽ? ናሙና ብሎ አሮጌ ሱሪ በጂሎ እጅ ልኮልኝ ነበር፤ ቡናማውን። ያንቺ እጅ ነው አለኝ። እኔ አርባ ዓመት ሰፋሁ፣ እንደዚያ ያለ አቆራረጥ አላየሁም። ጭኑን፣ እግሩን፣ ሁሉን ካንቺ ነው የቀዳሁት። ወገቡን ብቻ አወረድሁ።»

ቡናማው ሱሪ! ኅዳር መግቢያ ላይ ጠፍቶባት ሌባ ወሰደው ብላ ትታው ነበር። የባሏን ገላ የሚያውቅ ሌላ እጅ አልነበረም፤ የገዛ እጇ ነው የተገለበጠው። በዛብሽ ግን በዚህ የምትረታ አይደለችም። ወረቀቱን ከጡቷ መሐል አወጣች።

«ሴትየዋ ታዲያ የት ናት?»

«የምን ሴት?»

«ሆዴ የሚላት! ለሆዴ ስል ብሎ ወገቡን ያስወረደላት! ይኸው፣ በእጁ ጽፎታል!»

ዓብዱልመጂድ ወረቀቱን ወደ መነጽሩ አስጠጋው፤ አራቀው። «ይኼን ከሱሪው ጋር ኪሱ ከትቼ የመለስሁለት ነው። እኔ አማርኛ ማንበብ አልችልም ልጄ። ወረቀቱን ጂሎ ነው ያነበበልኝ። በኦሮምኛ ነገረኝ። ወገቡ ዝቅ ይበል፣ 'ገራ ኪያፍ' ነው የሚል አለኝ። ገራ ኪያፍ።»

በዛብሽ ኦሮምኛዋ የገበያ ነው፤ ሰላምታና ዋጋ፣ ከዚያ ደግሞ የሙያዋ ቃላት። የቦረና ባላገር ሱሪ ሊያሰፋ ሲመጣ ክንድህን አንሣ፣ ወገብህ፣ ሆድህ እያለች የምትለካው በኦሮምኛ ነው። ስለዚህ ገራ ምን እንደሆነ ማንም ሊያስረዳት አያስፈልግም ነበር። ገራ ሆድ ነው፤ ገራ ኪያፍም ለሆዴ ማለት ነው። ከጎድን በታች ያለው፣ ምግብ የሚገባበት ሆድ። በኦሮምኛ ገራ ኪያ ብሎ ሚስቱን የሚያቆላምጥ ሰው ሰምታ አታውቅም።

«ሆዱ?» አለች።

«ሆዱ ነዋ! ገራ!» ሽማግሌው የራሱን ሆድ ቸብ አደረገ።

እውነቱን ለመናገር በዛብሽ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። ሴት የለችም! አንድ ትንፋሽ ያህል ደስ አላት፤ በሳቅ ልትፈነዳ ምንም አልቀራት።

«ሆዱ ምን ሆኖ ነው ታዲያ?»

ዓብዱልመጂድ መነጽሩን አወለቀ። «አልነገረሽም እንዴ?»

«ምኑን?»

«ሊለካ ሲመጣ ሜትሩን ወገቡ ላይ ሳዞር ጮኸ። እዚህ ጋ፣» በግራ ጎድኑ ሥር መዳፉን አሳረፈ፤ «ድንጋይ የመሰለ ነገር አለበት። በጥቅምት እዚህ ሐኪም አይቶታል። አዲስ አበባ ሂድ፣ ኦፕራሲዮን ነው፣ ቶሎ ሂድ ብሎታል። እስካሁን አልሄደም እንዴ? ቀበቶ እዚያ ላይ ሲያርፍበት ነፍሱ ልትወጣ ነው የምትደርስ። እኔም ከፍ ያለ እንደሚያምርበት አላጣሁትም፤ ግን ምን ላድርግ? አንቺ ሰፊ ነሽ ልጄ። ገላውን አላየሽም?»

በዛብሽ በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌው ውሃ አምጥቶ ሰጣት፤ ብርጭቆውን ይዛ ሳትጠጣ ቆየች። ሁለት ወር ሙሉ ሱሪውን ስትመረምር ከርማለች፤ ሱሪው ውስጥ ያለውን ሰው ግን አንድ ቀን አላየችውም። ምነው ነገሩ ሴት በሆነ ኖሮ ብላ ተመኘች። ሴትማ ብትኖር ፀጉሯን ይዛ ትታገላት ነበር።

በማግስቱ በጂሎ መኪና ተመለሰች። ጂሎ ፊቷን አይቶ ነገሩን እንደደረሰችበት ገባውና «ማሪኝ እትዬ፣ አስምሎኝ ነው» አላት። በዛብሽ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው።

ነገሌ ሲደርሱ ዐሥር ሰዓት ገደማ ነበር። ሸዋንግዛው በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል። ከመንገዱ ማዶ ቆማ፣ እንደማታውቀው ሰው፣ እንደ አንድ ደንበኛ አየችው። የሸሚዙ ኮሌታ በአንገቱ ዙሪያ ሁለት ጣት ያስገባል። ትከሻው ወርዷል። ጭኑ ሱሪው ውስጥ ጠፍቷል። ሁሉም ነገሩ ሲከሳ ሆዱ ብቻ አብጧል፤ እብጠቱም የድሮው ልል ቦርጭ ሳይሆን ከጎድኑ ሥር ወደ አንድ ወገን የገፋ ጠጣር ነገር ነው። ይህን ማንም ሕፃን ሊያየው ይችል ነበር። እሷ አላየችውም።

መንገዱን ተሻግራ ፊቱ ቆመች። «አሳየኝ» አለችው።

አንቱ መቅረቱን ሰማ። ሸሚዙን ወደ ላይ ሰበሰበ። በዛብሽ ጣቶቿን ከግራ ጎድኑ ሥር አሳረፈች። ሽማግሌው እንዳለው ነው። ሸዋንግዛው ዓይኑን ጨፍኖ ቻለ።

«ወረቀቱን እንዳገኘሁት ታውቅ ነበር?»

«የዚያኑ ዕለት ነው ያወቅሁት። ኪሴ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ማታ ደግሞ 'ይብሉ' አልሽኝ።»

«ሴት ይዟል ብዬ እንደተቃጠልኩስ?»

«እሱንም አውቄያለሁ።»

«አውቀህ ነው ዝም ያልከኝ?»

ሸዋንግዛው ሸሚዙን መለሰ። ቃል እየመረጠ እንደሚጽፍ ሰው ቀስ ብሎ ተናገረ። «መጀመሪያ ልነግርሽ ነበር። ከዚያ ጥርጣሬሽ ሲገባኝ፣ ይሁን አልኩ። የሐኪሙን ነገር ስትሰሚ የምትሆኚውን ማየት አልቻልኩም፤ ቁጣሽን ግን አውቀዋለሁ፣ አሥራ አራት ዓመት ኖሬበታለሁ። ጠልተሽኝ ብሞት ይቀልሻል ብዬ አሰብኩ።»

«ሐኪሙ ቶሎ ሂድ ያለህ መቼ ነው?»

«ጥቅምት ሃያ ሦስት።»

ያን ዕለት ጥር ሃያ አንድ ነበር። በዛብሽ ቀኑን በልቧ አሰላችው። ከእነዚያ ቀኖች ውስጥ ስንቱን እሷ ሴት ስትፈልግ እንዳሳለፈችው ሁለቱም ያውቁታል።

«ነገ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ እንሄዳለን» አለችው። «ወድደህ ካልሆነ ተሸክሜህ።»

«እሺ። እንሄዳለን።»

ከአጠገቡ ተቀመጠች። ገበያተኛው ከብቱን እየነዳ፣ ባዶ ጆንያውን እየተሸከመ በፊታቸው አለፈ። ብዙወርቅ ከማዶ እጇን አውለበለበች፤ በዛብሽ አላየቻትም።

«በዛብሽ፣» አለ ሸዋንግዛው። ድምፁ ፈርቶ ነበር። «እንዲህ ዝም አትበይኝ። ተቆጪኝ እንጂ። እባክሽ ተቆጪኝ።»

አፏን ከፈተች። ሁለት ወር ሙሉ ሞልቶ የተረፋትን ቁጣ ብትፈልገው፣ ብትፈልገው አጣችው።